ሰባት ወር የደበቅሁት ወረቀት

እኔ ምስጢር የማይበረክትልኝ ሰው ነኝ። የሰማሁትን ሳልናገር ካደርኩ ሆዴን ይነፋኛል። ስናደድ ደግሞ መጀመሪያ እናገራለሁ፣ ከዚያ አስባለሁ። የፋብሪካው ልጆች በዚህ አመሌ ሲስቁብኝ ይውላሉ። በዚህ ዕድሜዬ በሆዴ ይዤ የከረምኩት ምስጢር አንድ ብቻ ነው። ሰባት ወር ያዝኩት። እሱው አንዱ ሚስቴን ሊያሳጣኝ ነበር።

ኮምቦልቻ የምሠራው ቦይለር ክፍል ነው፤ ውሃ አፍልቶ ለፋብሪካው እንፋሎት የሚልከው ትልቅ ምድጃ ጋ። አሥራ አንድ ዓመት እሱ ፊት ቆሜ ላቤን አፍስሻለሁ። ሚስቴ በሌላ ፋብሪካ የክር መፍተያ ማሽን ላይ ናት፤ በፈረቃ ትሠራለች። የተዋወቅነው ሰርቪስ ስንጠብቅ ነው። ሰርቪሱ ዘገየ ብዬ ሰፈሩን በጩኸት ሳናጋው፣ አጠገቤ የቆመች ቀጭን ልጅ ረጋ ብላ «ስትጮህ ቶሎ ይመጣል ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። በዓመቱ ኒካህ አሰርን።

ከዚያ ስድስት ዓመት ልጅ አልመጣም።

በመጀመሪያው ዓመት ማንም ምንም አላለም። በሁለተኛው እናቴ በሰው እጅ መድኃኒት መላክ ጀመረች። እናቴ የምትኖረው ከደሴ በላይ፣ ገብስ በሚበቅልበት ብርዳም ገጠር ነው። ሥር ቀጥቅጣ በማር ለውሳ የምትልከው ነገር ሽታው ብቻ ዓይን ያስለቅሳል። ሚስቴ አፍንጫዋን ይዛ ትጠጣው ነበር። ተይው፣ ድፊው፣ ማን ያያል ስላት፣ እናትህ ደክመውበታል ትለኛለች። ሸህ ዘንድ ዱዓ ሊደረግላት በሐምሌ ጭቃ በእግሯ የወጣችውን ዳገት እኔ በባጃጅም አልወጣውም። ጥቁር አዝሙዱም፣ ዘምዘሙም፣ የጎረቤት ሴቶች ምክርም ሁሉ ለእሷ ነበር። እኔን አንድ ሰው አንድ ቀን እንኳ አንተስ ብሎኝ አያውቅም። እኔም ራሴን ጠይቄው አላውቅም።

በሦስተኛው ዓመት ማንንም ሳታስፈቅድ ተነስታ ደሴ ሐኪም ዘንድ ሄደች። ክሊኒኩ ፒያሳ አካባቢ ነው። የማህፀን ሐኪሟ ሴት ናት፤ ድምጿ ለስላሳ፣ ንግግሯ ቁርጥ ያለ። ሚስቴ ከፈረቃ ወጥታ፣ ፊቷን ታጥባ፣ ሹራቧን በፌስታል ይዛ ሚኒባስ ትሳፈራለች። ኮምቦልቻ በላብ ተነስታ ደሴ ስትደርስ ጉም ይቀበላታል፤ ሹራቡን ለብሳ ወረፋ ትይዛለች። የወር አበባዋን ቀን በተማሪ ደብተር እየጻፈች፣ እንቁላል እንዲወጣ የሚረዳውን ኪኒን ቀን ሳታዛንፍ እየዋጠች፣ በአልትራሳውንድ እየታየች ሁለት ዓመት ተመላለሰች። እኔ በእነዚያ ቀናት የት ነበርኩ ብትሉኝ፣ ጓደኞቼ ጋ ቁጭ ብዬ ጫት እየቃምኩ ነበር።

አንድ ቀን በማህፀኗ ቀለም አስገብተው ራጅ አነሷት። ቱቦው ተዘግቶ እንደሆነ የሚታየው በዚህ ነው። አብራት የነበረች ሴት ሕመሙን ችላ መቆም አቅቷት በሰው ተደግፋ እንደወጣች በኋላ ሰምቻለሁ። የእኔዋ ብቻዋን ወጣች፣ ፒያሳ ገብታ አንድ አቮካዶ ጁስ ጠጣች፣ ከዚያ እዚህ ከመጣሁ አይቀር ብላ ሰኞ ገበያ ወርዳ በዚያ ግርግር ውስጥ ሽንኩርት መርጣ ገዛች። ማታ ሽንኩርቱን እየላጠች ቱቦዎቼ ክፍት ናቸው አለችኝ። ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር። የሽንኩርቱ ነው ብዬ አለፍኩት።

ሁሉም ምርመራዋ ደህና ሆነ። ሐኪሟ ወረቀቶቹን አንድ ላይ አስይዛ፣ ከእንግዲህ አንቺን ብቻ ማየቴ ዋጋ የለውም፣ ባልሽን አምጪው አለቻት።

ይህንን ስትነግረኝ ደሜ ፈላ። እኔ ምኔ ታሞ ነው የምመረመረው አልኩ። አባቴ ዘጠኝ ልጅ ወልዷል፤ ወንድሞቼ በየዓመቱ ነው የሚያስጠምቁት እንዳልል እስላም ነን እንጂ፣ በየዓመቱ ነው ለአዲስ ልጅ አቂቃ የሚያርዱት። እኔ ራሴ ኩንታል ተሸክሜ ፎቅ የምወጣ ሰው ነኝ። ይህን ሁሉ ጎረቤት እስኪሰማ ጮህኩ። እሷ እጇን አጣጥፋ ጠበቀችኝ።

«ጨረስክ?» አለችኝ። «ምርመራው ኩንታል መሸከም አይደለም።»

ከዚያች ቀን ጀምሮ አልለመነችኝም፣ አላኮረፈችኝም። ብቻ በየወሩ አንድ ጊዜ፣ እንደዋዛ፣ መቼ እንሄዳለን ትለኛለች። አንድ ዓመት ሙሉ እንዲህ አደከመችኝና እሺ አልኩ።

ያኔ ባቲ ያለች ታናሽ እህቷ ወለደች። ሚስቴ የዓመት ፈቃዷን ወስዳ፣ ላዩ ላይ ያለ ደመወዝ ፈቃድ ጨምራ፣ አርባውን ቀን አራሷን ልታስታምም ሄደች። የሰው ልጅ እያጠበች፣ እያስተኛች፣ ለጠያቂው ምግብ እያቀረበች አርባ ቀን። እኔ ብሆን አልሄድም ነበር። እሷ ግን እህቴ ናት ብላ ሄደች። ስትሄድ የምርመራውን ትእዛዝ ደጋግማ ነገረችኝ። ከሦስት እስከ አምስት ቀን ከሴት መራቅ፣ ከዚያ ክሊኒክ ሄዶ ናሙና መስጠት። በቃ፣ ይኸው ነው።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ልናገር፤ ሳቁብኝ፣ ይገባኛል። እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ መሬቱ ሲደክምበት አንድ ክረምት ሳያርስ ያሳርፈው ነበር፣ በሚቀጥለው ዓመት ገብሱ ደረት ይደርሳል። እናም አሰብኩ። ሦስት ቀን ዕረፍት ይህን ያህል ጥሩ ከሆነ፣ ሚስቴ አርባ ቀን ከሌለች፣ ለምን አርባውንም አላርፍም? ሐኪሞቹ እስኪገረሙ ድረስ ነው የማሳያቸው። አርባውን ቀን በጥርሴ ነክሼ፣ ሶላቴን ሳላጓድል፣ ገላዬን ከምንም ነገር ጠብቄ ቆየሁ። በአርባኛው ቀን፣ ሚስቴ ልትመለስ አንድ ቀን ሲቀራት፣ ደረቴን ነፍቼ ደሴ ወጣሁ።

የላቦራቶሪዋ ልጅ ክዳን ያለው ትንሽ ዕቃ ሰጥታኝ ከኮሪደሩ መጨረሻ ያለውን ክፍል በጣቷ አሳየችኝ። ወላሂ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ገብቼ ገና ቀበቶዬን ሳልፈታ አንድ ሽማግሌ ሽንት ቤት መስሏቸው በሩን ያንኳኳሉ። ሰው አለ አልኩ። ቶሎ በል ልጄ፣ ስኳር አለብኝ አሉኝ። እንዴት አድርጌ እንደጨረስኩት አላህ ነው የሚያውቀው። ዕቃውን ይዤ ስወጣ ላቤ ቦይለር ፊት ከቆምኩበት ቀን ይብስ ነበር።

ከሰዓት ሐኪሟ አስገባችኝ። ስንት ቀን እንደቆየሁ ጠየቀችኝ። የገጠር ሰው መሆኔን እንዳታውቅብኝ ነው መሰለኝ፣ እንደታዘዝኩት አልኳት። አንገቷን ነቅንቃ ወረቀቱን አዞረችልኝ። ቁጥሩ በጣም ጥቂት ነው፣ ያሉትም አብዛኞቹ አይንቀሳቀሱም አለችኝ። ቀጥላ ብዙ ነገር ተናገረች። አንድ ምርመራ የመጨረሻ እንዳልሆነ፣ ከሦስት ወር በኋላ ሁለታችንም አብረን እንድንመጣ፣ መፍትሔ እንዳለው። ይህን ሁሉ እንደተናገረች ያወቅሁት በኋላ ነው። እኔ ጥቂት ከሚለው ቃል በኋላ ጆሮዬ ምንም አልሰማም።

ከፒያሳ እስከ መናኸሪያ በእግሬ ወረድኩ። የሚያየኝ ሁሉ ያወቀ መሰለኝ። ወረቀቱን አራት አጥፌ ያዝኩት፣ ቤት ስገባ ከአልጋው ሥር ባለው የመፍቻ ሳጥኔ ታች ከተትኩት።

በማግስቱ ሚስቴ ከባቲ ገባች። ልብሷ ሁሉ ሕፃን ሕፃን ይሸታል። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ምን አሉህ አለችኝ። ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ደህና ነው አሉኝ አልኳት።

አልሃምዱሊላህ አለች። እንደ መቀመጥ እያለች፣ «እንግዲያው እኔው ነኛ» አለች።

ያኔ መናገር ነበረብኝ። ነገ እላለሁ አልኩ። ነገ ሳምንት ሆነ፣ ሳምንቱ ወር ሆነ። ሐኪሟ ከሦስት ወር በኋላ ያለችው ቀንም አለፈ። ሚስቴ ደሴ መመላለሷን አላቆመችም፣ እናቴም መራራውን መላክ አላቆመችም። እኔ ደግሞ እቤት ውስጥ የማልታገሥ ሰው ሆንኩ። ወጡ ጨው በዛበት፣ በሩ ለምን ተከፈተ፣ ቴሌቪዥኑ ለምን ጮኸ። ውስጤ ያለውን አውጥቼ መተንፈስ ስላልቻልኩ በየስንጥቁ ፉጨት አሰማ ነበር። ሚስቴ ድሮ ስጮህ ትቀልድብኝ ነበር። አሁን አትቀልድም። እየቀነሰች፣ እየቀነሰች ሄደች። ከሥራ ትገባለች፣ ታበስላለች፣ ትሰግዳለች፣ ትተኛለች። ልትለቀኝ እንደምትችል አስብ ነበር፤ አፌ ግን አልከፈት አለ።

በሰባተኛው ወር፣ ገብስ ከተወቃ በኋላ፣ እናቴ ወዳጃ ደገሰች። ወዳጃ በእኛ አገር ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጫት ቀርቦ፣ እያንዳንዱ ሐጃውን ተናግሮ ሁሉም አሚን የሚልበት ዱዓ ነው። ሐጃ ማለት የልብ ጉዳይ፣ ከአላህ የምትፈልገው ነገር ነው። የታመመ ሕመሙን፣ ልጁ የራቀበት ልጁን ይናገራል። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በሌላው ተቀምጠናል። በክብር ቦታው የተቀመጡት የአባቴ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ አባቴ ካለፈ በኋላ የቤቱ ራስ እሳቸው ናቸው።

የሰው ሐጃ ሁሉ ካለፈ በኋላ አጎቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። የእኔ ሐጃ የወንድሜ ልጅ ነው አሉ። ስድስት ዓመት ታገሥን፣ ከዚህ በላይ መታገሥ ስንፍና ነው። ከወንዙ ማዶ የጨዋ ልጅ አለች፣ አባቷን አነጋግሬያለሁ፣ ፈቅዷል። ይህችኛዋም ሚስቱ ናት፣ ክብሯ አይነካም፣ ማንም ውጪ አይላትም፤ ብቻ ሌላ ይጨምር። ክፋት አልነበረባቸውም። ለእኔ ያዘኑ መስሏቸው ነው። ከዚያ ወደ ሴቶቹ ወገን ዞር ብለው አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ አሏት።

እኔ ያቀረቀርኩበትን ምንጣፍ ክር እስካሁን አውቀዋለሁ።

«እኔ አልከለክልም» አለች ሚስቴ። «ሐጃዬ ግን ለምትመጣው ልጅ ነው። ዱዓ አድርጉላት። ስድስት ዓመት እኔ የጠጣሁትን እሷ እንዳትጠጣ።»

ሁሉም በአንድ ድምፅ አሚን አሉ።

ቀና ስል እያየችኝ ነው። ቁጣ የለባትም። ዝም ብላ ታየኛለች፣ ሰርቪስ ስንጠብቅ እንዳየችኝ፣ ምን እንደምመልስ ልትሰማ ፈልጋ። ያን ጊዜ ገባኝ። ታውቃለች። ሁሉንም ታውቃለች። እኔ በዝምታዬ ያን የማላውቃትን የሰው ልጅ ከወንዙ ማዶ አምጥቼ፣ በአሥራ ዘጠኝም በሃያም ዓመቷ፣ ያንኑ መራራ ላስጠጣት ነው። እሷንም ሌላ ስድስት ዓመት መካን ላስብላት ነው።

ተነሳሁ። ወዳጃ ላይ ተነስቶ መናገር ነውር ነው፤ ተቀምጬ ቢሆን ግን ቃሉ አይወጣኝም ነበር።

«የሚጎድለው እኔ ጋ ነው» አልኩ። «ተመርምሬያለሁ። ወረቀቱን ሰባት ወር ደብቄዋለሁ። የማንንም ልጅ አታምጡብኝ።»

አጎቴ የሚቆጥሩት መስበሃ እጃቸው ላይ ቆመ። አንድ ሽማግሌ አስተግፊሩላህ፣ ይህ በሰው ፊት ይነገራል ወይ ብለው አጉረመረሙ። የማንንም ፊት አላየሁም። ያየሁት እናቴን ነው። ከተቀመጠችበት ጉልበቷን ይዛ ተነሳች፣ በወንዶቹ መሃል አቋርጣ ሄደችና ሚስቴ ፊት ተንበረከከች።

«አውፍ በይኝ ልጄ» አለቻት። «ያን ሁሉ መራራ ያጠጣሁሽ እኔ ነኝ።»

ሚስቴ ትከሻዋን ይዛ አነሳቻት። እርስዎ ምን አጠፉ፣ ማር ነበረበት እኮ አለቻት። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁ፣ ከዚያ ማልቀስ ጀመሩ። አጎቴ እጃቸውን ዘርግተው ዱዓውን እንደገና አደረጉ። በዚህኛው የእኔም ስም ገባበት። በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ።

በማግስቱ ወደ ኮምቦልቻ ስንወርድ ሚኒባስ ውስጥ ከኋላ ወንበር ተቀመጥን። ጠመዝማዛውን ግማሽ ወርደናል። እኔ እንደ ተከሳሽ እጄን ጭኔ ላይ አድርጌያለሁ። መቼ አወቅሽ አልኳት። የኤሌክትሪክ ምድጃው ሶኬት ተበላሽቶ ካቻቢቴ ስፈልግ ነው አለችኝ። ከባቲ በተመለሰች በሁለተኛው ሳምንት። ሦስት ዓመት የላቦራቶሪ ወረቀት ስታነብ ኖራለች፣ ምን እንደሚል ማንም ማስረዳት አላስፈለጋትም። አንብባ፣ በነበረበት አጥፋ፣ በነበረበት መልሳዋለች። ሶኬቱንም ራሷ ጠግናዋለች።

ከዚያ አንድ ነገር ልጠይቅህ አለችኝ። ስንት ቀን ነው የቆየኸው?

አርባ አልኳት።

አፈጠጠችብኝ። ምክንያቴን፣ የአባቴን መሬት፣ ገብሱን፣ ሁሉንም ነገርኳት። መሳቅ ጀመረች። ሾፌሩ በመስታወት እስኪያየን፣ ፊት ያሉት እስኪዞሩ ድረስ ሳቀች። አርባ ቀን የሚቆጠረው ለአራስ ነው አለችኝ፣ ዓይኗን እየጠረገች። ብዙ ሲቆይ እኮ ዘሩ ያረጃል፣ ይደክማል፣ ሦስት ቀን ያሉት ለዚህ ነው፣ ሰው ለምን አይጠይቅም አለችኝ። ከሳቀች ሰባት ወር ሆኗት ነበር። እኔም ሳቅሁ፤ ሳቄ መሃል ላይ ወደ ልቅሶ ዞረብኝና ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ።

አብረን ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። በታዘዝኩት በአራተኛው ቀን ድጋሚ ሰጠሁ። ቁጥሩ አሁንም ከሚፈለገው በታች ነው፤ ግን የሚንቀሳቀሱት ከፊተኛው ይበልጡ ነበር። ብዙ አይደሉም፣ ግን አሉ አለችን። ያቺን «ግን አሉ» የምትለዋን ቃል በልቤ ይዤ ወጣሁ።

ከዚያ የተማርኩትን ለማንም ወንድ ብናገር ደስ ይለኛል። ችግሩ በወንድ በኩል ሲሆን መንገዱ አንድ ብቻ አይደለም። ሐኪሟ የላከችኝ ወንድ ሐኪም በዘር ፍሬዬ ዙሪያ ያበጠ ደም ሥር አገኘብኝ፤ በትንሽ ቀዶ ሕክምና እንደሚታሰር ነገረኝ። ጫቱን ተው አለኝ። ሥራዬን ሲሰማም ራሱን ነቀነቀ። ሙቀት ለዘር አይስማማም፣ የአንተ ችግር ከእሱ ነው ብዬ ባልምልም ከዚያ ምድጃ ራቅ አለኝ። አለቃዬን ለምኜ ወደ ጥገና ክፍል ተዛወርኩ። ቀዶ ሕክምናውን ደሴ ተሠራሁ፣ በማግስቱ ቤቴ ገባሁ። ይህ ብቻውን የሚበቃቸው ሰዎች አሉ። ለእኛ ወራት ጠብቀን አልበቃንም። ቀጥሎ ያለው ዘሩን አጥበውና መርጠው፣ እንቁላል በሚወጣበት ቀን በቀጭን ቱቦ ማህፀን ውስጥ ማስገባት ነው፤ ለዚህ አዲስ አበባ ሄድን። ሁለት ጊዜ ሞከርን፣ ሁለቱም አልያዘም። የቀረው እንቁላሉንና ዘሩን ውጪ፣ ላቦራቶሪ ውስጥ አገናኝቶ ጽንሱን መመለስ ነበር።

ይህን ሳስብ ፈራሁ፤ ሐራም እንዳይሆን። ለእናቴ ደውዬ ነገርኳት። እሷ ናት በእግሯ ሸሁ ዘንድ ሄዳ የጠየቀችልኝ። ያቺ ሥር ቀጥቃጭ እናቴ ስለ እንቁላልና ስለ ዘር ሽማግሌ ፊት ቁጭ ብላ ስትጠይቅ ይታያችሁ። በሦስተኛው ቀን ደወለች። ከሁለታችሁ ከራሳችሁ እስከሆነ፣ በኒካሃችሁ እስከሆነ ድረስ ሕክምና ነው ብለዋል፣ አብሽሩ አለችን።

የእንቁላሉ መርፌ በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ ሆድ ላይ ይወጋል። ቀዝቃዛ ቦታ መቀመጥ አለበት። እኛ ፍሪጅ የለንም፣ የሰፈራችን ባለሱቅ ከለስላሳዎቹ ኋላ ቦታ ሰጠን። ሰዓቱ ከፈረቃዋ ጋር የተጋጨ ቀን ፋብሪካ ይዛው ትሄድ ነበር። በዕረፍት ሰዓት ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ የሥራ ጓደኞቿ ሻርፓቸውን ዘርግተው ይከልሏታል፣ እሷ ቱታዋን ከፍ አድርጋ ራሷን ትወጋለች፣ ከዚያ ወደ ማሽኗ። እኔ መርፌ የምፈራ ሰው ነኝ። አንድ ቀን ልውጋልሽ ብዬ ሞክሬ ዓይኔን ስጨፍን ቀማችኝ።

አዲስ አበባ የሠሩትን ስናገር እስካሁን ይደንቀኛል። ከእሷ ሰባት እንቁላል አወጡ። ከእኔ፣ ከዚያ ከጥቂቱ፣ በአጉሊ መነጽር እያዩ ደህና ደህናውን አንድ በአንድ ለቀሙ፣ እያንዳንዱን ከፀጉር በቀጠነ መርፌ እንቁላል ውስጥ አስገቡ። በስክሪን አሳዩኝ። ያን ያህል የተደበቅሁበት፣ ያን ያህል ያፈርኩበት ነገር እዚያ ላይ ጅራቱን እያወዛወዘ ይዋኛል። ማሻአላህ አልኩ። ሦስት ጽንስ ሆነ። አንዱን መለሱላት፣ ሁለቱን በበረዶ አስቀመጡልን። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደማችሁን እዚያው አገራችሁ አስመርምሩ ብለው አሰናበቱን።

ያንን ሁለት ሳምንት አልተርከውም፤ የጠበቀ ያውቀዋል። በቀኑ ደሴ ወጣን። ደሟን ሰጠች፣ ጠበቅን፣ ሐኪሟ አስገባችን። ፊቷን ሳይ አወቅሁ። አልያዘም አለችን።

ወጥተን ፒያሳ አንድ ካፌ ገባን። ያዘዝነው ሻይ ቀዘቀዘ። ሚስቴ በሻርፗ ጫፍ ፊቷን ትጠርጋለች። እኔ አሰብኩ። ይህች ሴት ጤነኛ ናት። ስድስት ዓመት በሰው አፍ፣ ከዚያ ይህ ሁሉ መርፌ፣ ሁሉም በእኔ ምክንያት። ሌላ አግብታ ቢሆን ዛሬ ልጇ ትምህርት ቤት በገባ። እናም በሕይወቴ ካልኩት ሁሉ የከበደኝን አልኩ። አልይዝሽም አልኳት። መሄድ ከፈለግሽ፣ ወልደሽ መኖር ከፈለግሽ፣ በሰላም እሸኝሻለሁ፣ ማንም ክፉ አይናገርሽም።

በትዳራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ተቆጣች። ሻዩን ገፋ አደረገችው።

«መሄድ ብፈልግ ያኔ ሄጄ ነበር» አለችኝ። «ከወዳጃው በፊት ፋብሪካው አጠገብ ቤት ተከራይቼ ነበር። ልብሴን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እያወጣሁ እዚያ ጨርሼ ነበር። ያን ቀን ዝም ብለህ ቢሆን ኖሮ ከእናትህ ቤት ቀጥታ ወደዚያ ነበርኩ።»

በዚህ አልጨረሰችም።

«ሳወጣ አላየህም» አለችኝ። «ስመልስም አላየህም።»

ከዚያ ሻርፗን አስተካከለች፣ በበረዶ ያሉት ሁለቱ እዚያ እየጠበቁን ነው፣ የሚቀጥለው ወር ፈቃድ ጠይቅ አለችኝ። እሺ አልኳት።

ኮምቦልቻ ስንደርስ እሷ ዳቦ ልትገዛ ጎረቤት ሱቅ ቀረች። እኔ ቀድሜ ገባሁና ጫማዬን ሳላወልቅ ቁም ሳጥኑን ከፈትኩት። ቀሚሶቿን አንድ በአንድ በእጄ እየነካሁ፣ ተመልሳ በሩን እስክትከፍት ድረስ እዚያው ቆምኩ።